ስለ ፅንስ መጨንገፍና ስለ ደም ምርመራ

ፅንስ የጨነገፈባት ሴት በጎረቤት ዘንድ «ሾተላይ አለባት» እየተባለች ትታማለች። የፅንስ መጨንገፍ ምክንያት ግን ልዩ ልዩ ነው። ከነዚሁም አንዱ ቶክሶፕላስማ የተባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ ይህንኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ኒኮልና ማንሶ የተባሉ ተመራማሪዎች በቱኒስ አገኙት። ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ሥጋ፣ እንዲሁም በድመት ኩስ በተበከለ አፈር፣ ውሃና አትክልት ነው።

ምርመራው በደም ይደረጋል። ሰውነት ተሕዋሱ ሲገባበት አስቀድሞ አይ ጂ ኤም፣ ቀጥሎም አይ ጂ ጂ የተባሉ መከላከያዎችን ያዘጋጃል። ሁለተኛው ዕድሜ ልክ ስለሚቆይ፣ በደም ውስጥ መገኘቱ ሴቲቱ አንድ ጊዜ መያዟን እንጂ ፅንሱን ያጨነገፈው ተሕዋሱ መሆኑን አያስረዳም። የመጀመሪያውም አንዳንድ ጊዜ ከዓመት በላይ ስለሚዘገይ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ሐኪሙ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ደሙን ደግሞ ያስመረምራል፤ የአይ ጂ ጂም የመያዝ ኃይል ይለካል። ይህ ኃይል የበረታ እንደ ሆነ ሴቲቱ ከተያዘች አራት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ አልፏል ማለት ነው።

ከማርገዝዋ በፊት ቀደም ብላ የተያዘች ጤነኛ ሴት፣ መከላከያዋ ፅንሱን አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቅላታል። እጅግ የሚያሠጋው በእርግዝና ጊዜ አዲስ የያዛት እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ሥጋን አብስላ፣ አትክልትን አጥባ ትብላ፤ የድመትም ኩስ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረግላት። ባልም ሚስቱን ከመውቀስ ይልቅ ወደ ሐኪም ይዟት ይሂድ።