ትርፍ መስታወት ማን ይይዛል?

ከነቀምቴ ተነስቶ፣ አስፋልቱን ለቆ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሞተር ሳይክል የሄደ ሰው በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ፊቱን እንደሚለብስ ያውቃል። አጎቴ እንጀራው በሞተር ነው። አንድ ቀን ከጊምቢ ስንመለስ መሸብን። ከፊት የመጣ አይሱዙ ረጅም መብራቱን ሲያበራብን የአጎቴ ሄልሜት መስታወት እንደ ሸረሪት ድር ነጣ። ምንም አልታየው ሲል መስታወቱን ወደ ላይ ገለበጠ፤ ወዲያው ጥንዚዛ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እንደምንም ዳር ይዘን ቆምን እንጂ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው በጻፈላችሁ ነበር።

መስታወት እንለዋለን እንጂ መስታወት አይደለም፤ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ጠጠር ቢመታው በቀላሉ አይሰበርም፣ ላዩ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይቧጨራል። ቀን ላይ ጭረቱ ብዙም አይታወቅም። ማታ ግን እያንዳንዱ ጭረት የመጪውን መኪና ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ጭረቱን የምናመጣው ደግሞ በአብዛኛው ራሳችን ነን፤ ደረቅ አቧራ በእጅጌ መጥረግ በአሸዋ እንደመፈግፈግ ነው። በቤንዚን የሚወለውሉም አይቻለሁ። ቤንዚን ፕላስቲኩን ያሰነጥቀዋል! እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጣል አድርጎ አቧራውን ማራስ፣ ከዚያ በለብታ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ማጠብ ይበቃል።

ጥቁር መስታወት የሚወዱም አሉ። በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 22 ደንብ ከ80 በመቶ በታች ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ለቀን ብቻ የሚል ምልክት ይደረግበታል። ስለዚህ ጥቁሩን አድርጎ የወጣ ሰው ለምሽት ነጩን መያዝ አለበት።

ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። አጎቴ የገዛውን ትርፍ መስታወት ከመፍቻ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ወረወረው፤ በሳምንቱ ከአሮጌው ባሰ። አሁን ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ያለብሰውና በተጠቀለለ ሹራብ ላይ እንደ ጎበጠ ያስቀምጠዋል። ሹራቡ ቅርጹን ይይዝለታል፣ ካናቴራው ከጭረት ያድነዋል። ለዝናቡ ከላይ ፌስታል፤ ቦታው ከዕቃው ሁሉ በላይ። (ጋዜጣ ለእኛ ሙያ እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ ወረቀትም ይቧጭራል።)

ስትገዙ ከሄልሜታችሁ ጋር መግጠሙን እዚያው ሞክሩት። መቀየሩንም ቤት ውስጥ ተለማመዱ፤ አንዳንዱ በትናንሽ ብሎን ስለሚታሰር ካቻቢቴ ይፈልጋል። አጎቴ የመጀመሪያውን ቀን የወደቀች ብሎን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት መንገድ ዳር ተንበርክኳል፣ እኔ በስልኬ እያበራሁለት።