የግል ፈጠራ ሠሪዎች ድርሻና የነጋዴው ተግባር

በአርሲ ደጋ የሚገኘው የዲክሲስ ወረዳ በስንዴውና በገብሱ የታወቀ አገር ነው። እህሉ ተወቅቶ ወደ ገበያ እስኪወጣ ድረስ ገበሬው ማረሻውን፥ ጋሪውንና መውቂያውን የሚያስጠግነው በቅርቡ ካሉት ብረት ሠሪዎችና በያጆች ዘንድ ነው። እነዚህ ባለ እጆች የተሰበረውን ከመጠገን አልፈው አንዳንድ ጊዜ የዕቃውን አሠራር ራሱን ያሻሽላሉ። ነገር ግን ያሻሻሉት ነገር በሕግ የታወቀ ሀብት ሊሆን እንደሚችል ሁሉም አያውቁም፤ ዕቃውን ተረክቦ የሚሸጥላቸው ባለ ሱቅም ብዙ ጊዜ ይህን አያስበውም። ስለዚህ የግል ፈጠራ ሠሪ በፓተንት መዝገብ ላይ ያለው ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ነጋዴውንም በምን እንደሚመለከተው መረዳት ይጠቅማል።

የግለሰቦች ድርሻ በውጭ አገር

ፓተንት ማለት አንድ ሰው አዲስ ነገር ፈጥሮ አሠራሩን በጽሑፍና በሥዕል ለመንግሥት ሲያስታውቅ፥ በምትኩ ለተወሰነ ዘመን ያንን ነገር ለብቻው የመሥራትና የመጠቀም መብት የሚያገኝበት ሰነድ ነው። ዘመኑ ሲያልፍ ፈጠራው የሁሉ ይሆናል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1880 ከተሰጡት ፓተንቶች ውስጥ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት የኩባንያ ሳይሆኑ የግለሰቦች ነበሩ። ታላላቅ ኩባንያዎች የምርምር ክፍል እያቋቋሙ መሐንዲሶችን በደመወዝ መቅጠር ከጀመሩ ወዲህ ግን የግለሰቦች ድርሻ እየቀነሰ ሄዶ በ1930 ወደ ግማሽ ያህል ወረደ። በዛሬው ጊዜ ከመቶ አሥር አይሞላም።

ይሁን እንጂ የቍጥር ማነስ የዋጋ ማነስ አይደለም። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ጁክስና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት በ20ኛው መቶ ዓመት የተገኙትን ስድሳ ያህል ዐበይት ፈጠራዎች መርምረው፥ ከግማሽ የሚበልጡት በግለሰቦች ጥረት የተገኙ መሆናቸውን አመልክተዋል። ዛሬ በየከተማው የምናየው የፎቶ ኮፒ መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቼስተር ካርልሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1938 በኒው ዮርክ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ደረቅ ግልባጭ አወጣ፤ በ1942ም ፓተንት አገኘ። ከዚያ በኋላ ከሃያ የሚበልጡ ኩባንያዎችን ቢለምን አንዱም ሳይቀበለው ቀረ። በመጨረሻ አንድ የምርምር ተቋም ረዳው፤ ሃሎይድ የተባለው አነስተኛ የፎቶግራፍ ወረቀት አምራችም በ1947 በፈጠራው የመጠቀም መብት ወሰደ። መሣሪያው ተሟልቶ የቀረበው በ1959 ሲሆን፥ ኩባንያው በኋላ ስሙን ለውጦ ዜሮክስ ተባለ። ፈጠራው የአንድ ሰው ቢሆንም፥ ለገበያ ያበቃው ገንዘቡን በትዕግሥት ያዋለ ነጋዴ ነው።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የኢንዱስትሪ ንብረትን መብት ከነጋዴው መደብር ሀብት ጋር ቈጥሮት ነበር። ነገር ግን ፓተንት እንዴት እንደሚሰጥ የሚወስን ዝርዝር ሕግ ስላልነበረ፥ ባለ መብቶች በጋዜጣ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ከማውጣት በቀር ብዙ መንገድ አልነበራቸውም። ይህ ጉድለት የተሞላው በ1987 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 123 ነው። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ይህ መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይባላል።

አዋጁ ነጋዴው ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ዐይነት ሰነዶችን ያቋቁማል።

አንደኛው ፓተንት ነው። ፈጠራው አዲስ፥ በሙያው ላለ ሰው በቀላሉ የማይገለጥና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት። ዘመኑ 15 ዓመት ሆኖ፥ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል።

ሁለተኛው ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው። መስፈርቱ ከፓተንቱ የቀለለ ነው፤ ዘመኑ ግን 5 ዓመት ብቻ ሲሆን፥ በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከታየ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

ሦስተኛው የአስገቢ ፓተንት ነው። በውጭ አገር ፓተንት የተሰጠውና ዘመኑ ያላለፈበት፥ በኢትዮጵያ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራ ሲኖር፥ በሥራ ላይ ለማዋል ሙሉ ኀላፊነት ለሚወስድ ሰው ይሰጣል። ከ10 ዓመት አይበልጥም፤ ባለቤቱም በሥራ ላይ ማዋሉን ማስረዳት አለበት። አዲስ የአሠራር ዘዴ ወደ አገር ለማግባት ለሚያስብ አስመጪ ይህ ሰነድ በተለይ ይጠቅመዋል።

በአገራችን የምርምር ክፍል ያላቸው ኩባንያዎች ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ በአነስተኛ ፈጠራ መዝገብ ላይ የሚበዙት በግላቸው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በሠለጠኑት አገሮች ወደ ዳር የተገፋው የግል ፈጠራ ሠሪ በኢትዮጵያ ገና ዋናው ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ችግሩ የት እንደሚገኝ

ከላይ የተነገረውን የዘመን አቈጣጠር ልብ ላለው ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። ለምሳሌ በዲክሲስ ያለ አንድ በያጅ በትንሽ ሞተር የሚሠራና በአህያ ጋሪ የሚጓጓዝ የስንዴ መውቂያ ሠርቶ ሰርተፊኬት ቢያገኝ፥ በእጁ ያለው 5 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ላሜራና ሞተር መግዣ ገንዘብ፥ ዕቃውን የሚረከብ ሱቅ፥ ለገበሬውም በዱቤ የሚሰጥ ሻጭ ካላገኘ መውቂያው በሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው፤ በሥራ ላይ ካልዋለ ደግሞ ሰርተፊኬቱ አይታደስም። ፈጠራውን ሌላው ሁሉ በነጻ ይሠራበታል፤ የደከመበት ሰው ግን የወረቀቱን ወጪ እንኳ ሳያነሣ ይቀራል። ስለዚህ ሰነዱን የሚሰጠው መንግሥት ቢሆንም፥ ዕድሜውን የሚወስነው በአብዛኛው ገንዘብና ገበያ ያለው ሰው ነው።

የእርሻ መሣሪያ ይህን ችግር አጉልቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ በአጭሩ ካዱ የተባለው፥ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚሞክርና የሚያሻሽል ክፍል ነበረው። ዛሬም በአሰላ በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ሥር የእርሻ መሣሪያ ምርምር ማእከል ይገኛል። ይሁን እንጂ ናሙናው በምርምር ቤት ቢወጣም ለብዙ ሺህ ገበሬ ማዳረስ የአምራችና የነጋዴ ሥራ ነው። ይህን የተገነዘቡት የእርሻ መሣሪያ መሐንዲሱ ዶክተር መለሰ ተመስገን ከማረሻ ጋር የሚገጠምና በዋልካ መሬት ላይ የሚቋጥረውን ውኃ የሚያጠነፍፍ መሣሪያ ሠርተው፥ አይባር ኢንጂነሪንግ የተባለ የራሳቸውን ድርጅት በማቋቋም ለገበሬው ለማድረስ ተነሥተዋል። ፈጣሪነትንና ነጋዴነትን በአንድ ሰው ላይ ማጣመር ግን ለሁሉ የሚቻል አይደለም።

ነጋዴው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ከፈጠራ ሠሪ ጋር የሚሠራ ነጋዴ አስቀድሞ የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባዋል።

ማመልከቻ ሳይገባ ዕቃውን በባዛር ወይም በሱቅ መስኮት ማሳየት ፈጠራው አዲስ መባሉን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻው ይቅደም፤ ሽያጩ ይከተል።

ተቀጣሪ ሠራተኛ በሥራ ውሉ መሠረት የፈጠረው ነገር፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ የአሠሪው ነው። ከሥራው ጋር ግንኙነት ሳይኖረውና በአሠሪው ንብረት ሳይጠቀም የፈጠረው ግን የራሱ ነው። ይህን አስቀድሞ በውል መለየት በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

አስመጪዎችም በሕጉ መሠረት ፓተንት ለባለቤቱ ዕቃውን ከውጭ ለብቻው የማስመጣት መብት እንደማይሰጥ ይወቁ። ይህ ማለት ግን በአገር ውስጥ መብቱ የተጠበቀውን ዕቃ ያለ ፈቃድ አስመስሎ መሥራት ይቻላል ማለት አይደለም።

ላኪዎች ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነድ የሚሠራው በኢትዮጵያ ድንበር ውስጥ ብቻ መሆኑን አይርሱ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ ፈጠራ የሚያሰኘው የለም ብሎ ፓተንቱን በሆላንድ ውስጥ ዋጋ ያሳጣው በ2018 ነው። በመካከሉ 11 ዓመት አልፏል፤ ለንግድ ደግሞ ይህ ረጅም ዘመን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። የግል ፈጠራ ሠሪው በመዝገቡ ላይ ያለው ድርሻ ትልቅ ነው፤ በገበያው ላይ ያለው ድርሻ ግን ከነጋዴው ጋር በሚያደርገው ውል ይወሰናል። ከደጃፉ አጠገብ ያለውን ባለ እጅ ጠርቶ፥ ሥራውን መርምሮ፥ በጽሑፍ ውል ትርፉን የሚካፈል ነጋዴ ሌላው የማይሸጠውን ዕቃ ይሸጣል። ባለ እጁም ሰርተፊኬቱ ሳይከስም የድካሙን ዋጋ ያገኛል።