ሺህ ተኩስ የቻለ መጋጠሚያ በ140 ዲግሪ ለምን ይላቀቃል?

እስቲ በአንድ እንቆቅልሽ እንጀምር። ለአደን የሚያገለግለው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሁለት የብረት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተጣምረው የሚሠሩት መሣሪያ ነው። ቱቦዎቹን ከላይና ከታች የሚያያይዟቸው «ሪብ» የሚባሉ ረጃጅምና ቀጫጭን ብረቶች ሲሆኑ፣ በብዙዎቹ ላይ የተጣበቁት በሶልደር፣ ማለትም በቆርቆሮና በእርሳስ ቅይጥ ነው። ይህ መጋጠሚያ በሺህ የሚቆጠር ተኩስ ይችላል። ይሁን እንጂ ይኸው ጠመንጃ ብረቱን ለማጥቆር ሲባል 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ የኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ጨው ውህድ ውስጥ ቢነከር ሪቦቹ ሊላቀቁ ይችላሉ። ሶልደሩ መቅለጥ የሚጀምረው ደግሞ በ183 ዲግሪ ነው። ታዲያ ሳይቀልጥ እንዴት ለቀቀ?

ብረት ብረትን እንዴት ይይዛል?

በተለመደው ብየዳ የሚጋጠሙት ክፍሎች ራሳቸው ቀልጠው ይዋሃዳሉ። በሶልደር ግን የሚቀልጠው በመካከል የሚገባው ቅይጥ ብቻ ነው። ቅይጡ ከ450 ዲግሪ በታች የሚቀልጥ ከሆነ ሥራው ሶልደር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ብሬዚንግ ይባላል።

የቀለጠው ቅይጥ የብረቱን ገጽ «ማርጠብ» ይኖርበታል። የውሃ ጠብታ በንጹሕ መስተዋት ላይ ስትዘረጋ፣ ቅባት በነካው ላይ ግን ተሰብስባ እንደምትቀር ሁሉ፣ ሶልደርም በኦክሳይድ በተሸፈነ ብረት ላይ ይንከባለላል። የጠብታንና የገጽን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1805 ያብራራው እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነበር። ኦክሳይዱን የሚያስወግደው ፍለክስ ሲሆን፣ የጠመንጃ ሠሪዎች ከጥድ ሙጫ የሚገኘውን ሮዚን ይመርጡ ነበር። ምክንያቱም የአሲድነት ባሕርይ ያለው ፍለክስ ከሪቡ ሥር ተደብቆ ከቀረ ቱቦውን በዝገት ይበላዋል።

ገጹ ከረጠበ በኋላ ካፒላሪ ኃይል ሥራውን ይረከባል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት 0.1 ሚሊሜትር፣ የሶልደሩ የገጽ ውጥረት 0.4 ኒውተን በሜትር ነው ብንል፣ የሚሳብበት ግፊት ወደ 8,000 ፓስካል ይሆናል። ይህም ከባዱን ፈሳሽ ወደ 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ሊያነሣ ይችላል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ግን ይህ አቅም ይቀንሳል።

ጠንካራውን ለምን አልመረጡም?

ናስ በመሰለ ቅይጥ የሚሠራ ብሬዚንግ ከሶልደር እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን 900 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይጠይቃል። የብረት ውስጣዊ አወቃቀር ከ727 ዲግሪ ጀምሮ ይለወጣል፤ በሙቀት ሕክምና ያገኘውንም ጥንካሬ ያጣል። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ለመደበኛ ባለ 12 ቁጥር ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 740 ባር ነው። ይህም የከባቢ አየርን ግፊት 730 ጊዜ ያህል የሚያጥፍ ሲሆን፣ የሚሸከመው ከተኳሹ እጅና ፊት አጠገብ ያለው ቱቦ ነው። ስለዚህ ያለ ዕውቀት በእሳት የተነካ አፈሙዝ በዓይን ሲታይ ደህና ቢመስልም አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ችግር የሙቀት መስፋፋት ነው። 70 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቱቦ በ200 ዲግሪ ሲሞቅ 1.7 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። አንዱ ቱቦ ሞቆ ሌላው ሳይሞቅ ሶልደሩ ቢረጋ፣ ሲቀዘቅዙ ጥንዱ ይጎብጣል። ቀደምት ባለሙያዎች በጋሉ የብረት ዘንጎች ቱቦዎቹን ከውስጥ ያሞቁ የነበረው ሙቀቱ በእኩል እንዲዳረስ ነው። ከፍተኛ ኃይል የሚሸከመውን የኋለኛውን ጫፍ አስቀድመው በብሬዚንግ ያያይዙና ሪቦቹን በመጨረሻ በሶልደር ይለጥፉ ነበር። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ የመጀመሪያው ሥራ በሁለተኛው እሳት ይፈርስ ነበር።

ምን ያህል ጥንካሬ ይበቃል?

32 ግራም እርሳስ በሴኮንድ 400 ሜትር ፍጥነት ቢወጣ፣ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠመንጃ በሴኮንድ ወደ 4.3 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ በ3 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ተፈጸመ ብንል፣ 10 ግራም በሚመዝን የማንገቻ ቀለበት ላይ የሚያርፈው ኃይል 14 ኒውተን ገደማ ነው። የሶልደሩን ጥንካሬ 20 ሜጋፓስካል ብቻ ብናደርገው እንኳ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር መጋጠሚያ 2,000 ኒውተን ይችላል። 56 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የሪብ መጋጠሚያ ደግሞ 112,000 ኒውተን ይደርሳል። እንግዲህ ደካማው ቅይጥ የጠነከረው በስፋቱ ነው።

የእንቆቅልሹ መልስ

በ140 ዲግሪ ሶልደሩን ያላቀቀው የሙቀቱ መጠን ሳይሆን የኬሚስትሪ ባሕርይው ነው። ቆርቆሮና እርሳስ አምፎቴሪክ ናቸው፤ ማለትም ኦክሳይዳቸው ከአሲድም ከአልካሊም ጋር ይዋሐዳል። ናይትሬቱ ኦክሳይድ ያደርጋቸዋል፣ ኮስቲክ ሶዳው ያሟሟቸዋል። በዚያው ውህድ ውስጥ ብረቱ ግን ማግኔታይት በተባለ ጥቁር ሽፋን ይጠበቃል። አንዱን የሚያስጌጥ ነገር ሌላውን ያጠፋል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች የሚጠቁሩት ብረቱን ቀስ በቀስ አዝጎ በ100 ዲግሪ ውሃ በማፍላት ነው። ቀዩ ዝገት ወደ ማግኔታይት ይለወጣል፤ ሶልደሩም አይነካም።

ይህ ጽሑፍ የሥራ መመሪያ አይደለም። እንዲህ ያለ ጥገና የሠለጠነ ባለሙያን፣ ከዚያም ፍተሻን ይጠይቃል። ለዚሁ ፍተሻ የተቋቋመው የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤት እ.ኤ.አ. በ1813 በፓርላማ አዋጅ የተመሠረተ ነው። ትምህርቱ ግን ከጠመንጃ ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ እርሳስን ከአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሲያግድ፣ አምራቾች በ217 ዲግሪ ገደማ ወደሚቀልጥ የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ቅይጥ ተሸጋገሩ። የ34 ዲግሪው ልዩነት ሰሌዳዎቹንና ምድጃዎቹን እንደገና ለማስላት አስገደዳቸው። አንድን መጋጠሚያ ስንመርጥ «የቱ ይጠነክራል?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። ምን ያህል ኃይል፣ ምን ያህል ሙቀትና ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሚገጥመው አብረን እናስላ።