በአርባ ምንጭና አካባቢው ለስፕሊት የአየር ማቀዝቀዣ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የጋሞ ዞን ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አቅራቢያ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። በዚያው ዞን፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጨንቻ፣ ነዋሪው ብርድ ሲከላከል በሲቀላና በሴቻ የሚገኙ ቤቶች፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ግን ማቀዝቀዣ ይሻሉ። ሆኖም መሣሪያውን መግዛት ብቻውን በቂ አይደለም። ከቆጣሪ እስከ መሣሪያው ያለው መስመር በአግባቡ ካልተዘረጋ ማቀዝቀዣው ለብልሽት፣ ቤቱ ለቃጠሎ፣ ነዋሪውም ለኤሌክትሪክ አደጋ ይጋለጣል።

ራሱን የቻለ መስመር ስለማስፈለጉ

ስፕሊት ማቀዝቀዣ በቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የውስጥ አካል እና ኮምፕሬሰሩን የያዘ የውጭ አካል አለው። አብዛኛው ባለ 12,000 ቢቲዩ መሣሪያ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ወደ 5 አምፔር፣ ባለ 18,000 ወደ 8 አምፔር፣ ባለ 24,000 ደግሞ ከ10 እስከ 11 አምፔር ገደማ ይወስዳል። መጠኑ እንደ ሥሪቱ ስለሚለያይ ትክክለኛው አኃዝ በመሣሪያው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ መነበብ ይኖርበታል።

ይህ መጠን ብቻውን ሲታይ ከባድ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ምጣዱና ባለ 18,000 ቢቲዩ ማቀዝቀዣ በአንድ መስመር ላይ አብረው ቢሠሩ ጭነቱ 24 አምፔር ይደርሳል። በመሆኑም ማቀዝቀዣው ከማከፋፈያ ሰሌዳው የሚነሳ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ከነባር ሶኬት ላይ ቀጥሎ መውሰድም ሆነ በዲቫይደር መጠቀም ተገቢ አይደለም።

የገመድ ውፍረትና የጣሪያ ሥር ሙቀት

በገመድ ላይ የሚገለጸው የመሸከም አቅም ብዙውን ጊዜ የተሰላው በ30 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት ነው። በአርባ ምንጭ ግን ገመዱ አዘውትሮ የሚያልፈው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲሆን፣ በዚያ ቦታ ያለው ሙቀት በቀትር ከውጭው አየር በእጅጉ ይልቃል። የተለመደው የፕላስቲክ ሽፋን ያለው የመዳብ ገመድ በ50 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሲያልፍ የመሸከም አቅሙ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ፣ በግድግዳ ላይ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በመደበኛ ሁኔታ 17.5 አምፔር የሚሸከም ሲሆን በ50 ዲግሪ ግን ከ12 አምፔር ብዙም አያልፍም። በዚህ ገመድ ላይ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከተገጠመ፣ ብሬከሩ ሳይቆርጥ ገመዱ ከአቅሙ በላይ ሊግልና ሽፋኑ ሊጎዳ ይችላል። ባለ 2.5 ገመድ በተመሳሳይ ሁኔታ ከ24 ወደ 17 አምፔር ስለሚወርድ ከባለ 16 አምፔር ብሬከር ጋር ይጣጣማል። ባለ 4 ገመድ ደግሞ ከ32 ወደ 22 አምፔር ተኩል ገደማ ስለሚወርድ ለባለ 20 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ስለሆነም እስከ 18,000 ቢቲዩ ላሉት መሣሪያዎች ባለ 2.5፣ ለባለ 24,000 ደግሞ ባለ 4 የመዳብ ገመድ መነሻ ሆኖ ይወሰዳል። መስመሩ ረጅም ከሆነ ወይም ብዙ ገመዶች በአንድ ቱቦ የሚያልፉ ከሆነ ባለሙያው ውፍረቱን ይጨምራል። ብሬከሩ በተደጋጋሚ ሲቆርጥ በትልቅ ብሬከር መተካት መፍትሔ አይደለም፤ የገመዱን መከላከያ ማስወገድ ነው።

የገመድ መጋጠሚያዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። በላላ መጋጠሚያ ላይ ግማሽ ኦም ያህል ተቃውሞ ቢፈጠርና 8 አምፔር ቢያልፍበት፣ በዚያች ጠባብ ቦታ 32 ዋት ሙቀት ይመነጫል፤ ይህም ከአነስተኛ የብየዳ ካውያ ጋር የሚነጻጸር ነው። በመሆኑም በጣሪያ ውስጥ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ መኖር የለበትም።

የመሬት መስመር

የውጭው አካል የብረት ሽፋን ያለው ሲሆን ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ሽፋኑ በቢጫና አረንጓዴ ገመድ ከቤቱ የመሬት መስመር ጋር መያያዝ አለበት። ኒውትራልን በመሬት መስመር ምትክ ከሽፋኑ ጋር ማያያዝ እጅግ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ኒውትራሉ ቢቋረጥ ሽፋኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

በበጋ ወራት አፈሩ ሲደርቅ የመሬት ዘንጉ ተቃውሞ ይጨምራል። ተቃውሞው 50 ኦም ቢሆን፣ ወደ ሽፋኑ በሚፈስ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ጅረት ከ4 አምፔር ተኩል አይበልጥም። ይህ መጠን ባለ 16 አምፔር ብሬከርን ባያስቆርጥም ሰውን ለመግደል የሚችል ነው። ስለዚህ በ30 ሚሊ አምፔር ልቀት የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር መግጠም ያስፈልጋል።

በሁለቱ አካላት መካከል ያለው ግንኙነት

የውስጡና የውጭው አካል የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በፌዝ፣ በኒውትራል፣ በመልእክት ማስተላለፊያና በመሬት ገመድ ነው። ዋናው ኃይል በአንዳንድ ሥሪቶች ወደ ውስጡ፣ በሌሎች ደግሞ ወደ ውጭው አካል ይገባል። የገመዶቹ ቦታ ከተለዋወጠ የመቆጣጠሪያ ካርዱ ሊቃጠል ስለሚችል፣ አምራቹ ያዘጋጀው የመስመር ሥዕል ሳይታይ ሥራው መጀመር የለበትም። በውጭው አካል አጠገብም ለጥገና ጊዜ ኃይል የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠማል። ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ቢሆን በውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሽፋኑን መክፈት የሚገባው ባለሙያ ብቻ ነው።

የኃይል መዋዠቅ

ኃይል ተቋርጦ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ በውስጡ ያለው ግፊት ሳይረግብ ለመነሳት ስለሚገደድ ከፍተኛ ጅረት ይስባል። ቮልቴጁ ከመጠን በታች ሲወርድም ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ ቮልቴጅ ሲያንስ ወይም ሲበዛ የሚያቋርጥና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ የሚመልስ መከላከያ መጠቀም ይመከራል።

ከሥራው በፊት መከናወን ያለባቸው ጉዳዮች

ከቆጣሪ በኋላ ያለው የውስጥ መስመር ደኅንነት የደንበኛው ኃላፊነት ነው። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ተከላ ሥራ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ሊኖረው ስለሚገባ፣ ደንበኛው ውል ከመፈጸሙ በፊት ምስክር ወረቀቱን ጠይቆ መመልከት አለበት። ከአንድ በላይ ማቀዝቀዣ የሚያስገቡ ሆቴሎችና ተቋማት ደግሞ ጠቅላላ ጭነታቸውን በባለሙያ አስልተው፣ የቆጣሪያቸው አቅም የማይበቃ ከሆነ መሣሪያውን ከመግዛታቸው በፊት በአቅራቢያቸው ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማእከል የአቅም ማሳደጊያ ጥያቄ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። የመስመር ብልሽት ወይም አደጋ ሲያጋጥም በአገልግሎቱ የጥሪ ማእከል ቁጥር 905 ማሳወቅ ይቻላል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ደንበኛው ከመረከቡ በፊት አራት ነገሮችን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ እነዚህም የገመዱ ውፍረት ከብሬከሩ ጋር መጣጣሙ፣ የመሬት መስመሩ በመሣሪያ መለካቱ፣ የልቀት መከላከያው በመሞከሪያ ቁልፉ ሲነካ መቁረጡ እና ማቀዝቀዣው ለአንድ ሰዓት ያህል በሙሉ ጭነት ከሠራ በኋላ የብሬከሩም ሆነ የገመዱ ሽፋን ያለመጠን አለመጋሉ ናቸው።