የአራስ ሕፃን መጠቅለያ፦ ጋቢ፣ ቡልኮና ብርድ ልብስ በጅማ

ብርድ ልብስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ሥራው ከሰውነት የሚወጣው ሙቀት ቶሎ እንዳይበተን ማዘግየት ብቻ ነው። ይህ እውነት ለአዋቂ ሰው ብዙም ለውጥ ባያመጣም፣ ገና ከማኅፀን ለወጣ ሕፃን የጤና፣ አንዳንዴም የሕይወት ጉዳይ ስለሚሆን፣ አራስ ለመጠየቅ መጠቅለያ የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከልስላሴው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በጅማ፣ እንዲሁም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በየቡ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ቡና በሚለቀምባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ቀኑ ሲሞቅ፣ ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ለንጋት የሚበቃው መጠቅለያ ለቀትር ሸክም ይሆናል።

አራስ ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ቆዳው ሰፊ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስስ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ መሞቅም አይችልም፤ በትከሻዎቹ መካከልና በአንገቱ ዙሪያ የተከማቸውን፣ ቡናማ ስብ የሚባለውንና ለሙቀት ማመንጫ የሚያገለግለውን ስንቅ ያቃጥላል፤ ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ደግሞ ይህ ስንቅ እጅግ ያነሰ ነው። ሙቀቱ የሚሄድባቸው መንገዶች አራት ሲሆኑ፣ እነርሱም ቀዝቃዛ ነገር መንካት፣ የአየር ነፋሻነት፣ በአቅራቢያ ወዳለ ቀዝቃዛ ግድግዳ የሚደረግ ጨረርና ከእርጥብ ቆዳ ላይ የሚነሣ ትነት ናቸው።

ከአራቱ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ትነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ተገቢው ጥንቃቄ ያልተደረገለት ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 20 ደቂቃዎች ውስጥ የሰውነቱ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ሕፃኑ በሽርት ውኃ ረጥቦ ስለሚወለድ ነው። እርጥቡን ሕፃን በወፍራም ብርድ ልብስ መጠቅለል እርጥበቱን አብሮ መጠቅለል ይሆናል፤ ጨርቁም ውኃውን ሲመጥ በክሮቹ መካከል ያለው አየር በውኃ ስለሚተካ፣ ሙቀት የመጠበቅ ችሎታውን ያጣል። ያልደረቀ ቡና በጆንያ ቢታሰር እንደሚሻግት ጠንቅቆ የሚያውቅና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳያሰጣና ሳያገላብጥ የማይከተው የአጋሮ ገበሬ ቤት ውስጥ፣ ያልደረቀ ሕፃን ሲጠቀለል ዝም ተብሎ መታየቱ ሊያስወቅስ ይገባል። ሥርዓቱ አጭር ነው፦ ሕፃኑ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደረቃል፣ የረጠበው ጨርቅ ይነሣል፣ ከዚያም በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይሸፈናል፤ አንዱ ጨርቅ ለሁለቱም ሥራ አይውልም። ገላውን ማጠብም ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል።

ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የቀዘቀዘ ሕፃን ሙቀት ከሌላ ቦታ ሊያገኝ ያስፈልገዋል፤ ምንጩም የእናቱ ገላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተጀመረው፣ ዝቅተኛ ክብደት ያለውን ሕፃን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ አጣብቆ ከላይ የመሸፈን ዘዴ የካንጋሩ እናት እንክብካቤ በመባል ይታወቃል። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዶክተር ቦጋለ ወርቁና በባልደረባቸው ተጠንቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። በዚህ አሠራር ሕፃኑን የሚያሞቀው ሰውነት ነው፤ ጋቢ ወይም ነጠላ እናትና ልጅን በአንድነት ከውጭ ስለሚሸፍን ሙቀቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ሰውነቱ ለቀዘቀዘ ልጅ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ይልቅ፣ ልብሱን አውልቆ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ደረት ጋር ማገናኘትና ከላይ መሸፈን ይሻላል።

ጋቢ በዚህ ሥራ ከሚሰጠው ግምት በላይ ዋጋ አለው። የጥጥ ሸማ የሆነው ነጠላ ሁለት ድርብ ሲሆን፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በየድርቦቹ መካከልና ላላ ተብሎ በተፈተለው ማግ ውስጥ የሚታሰረው አየር ብርድን ይከላከላል። አየር ሙቀትን በደንብ የማያስተላልፍ በመሆኑ፣ የጋቢ ብርታቱ ከክብደቱ ሳይሆን ከላላነቱ የሚመጣ ነው፤ በጥብቅ ተጠቅልሎ የተጫነ ጋቢ አየሩን ስለሚያጣ፣ በላላ አኳኋን ከተጠቀለለው ያነሰ ያሞቃል። ከጋቢ የሚከብደው ቡልኮ ለአዋቂ ሌሊት የሚሆን ሸማ ነው፤ ለብቻው ለሚተኛ ሕፃን ግን ክብደቱ ራሱ ችግር ይሆናል። ለገበያ የሚቀርበው ለስላሳ ፖሊስተር ብርድ ልብስ ላብ ስለማይመጥ፣ ቀትር ላይ ሕፃኑን በላብ ያረጥበዋል፣ ምሽት ላይ ደግሞ ያ ላብ በትነት ያቀዘቅዘዋል፤ ስለሆነም ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ጥጥ መሆን አለበት። ስስ ስስ የሆኑ ሁለት ሸማዎች ከአንድ ወፍራም ይሻላሉ፤ ጠዋት ሁለቱ ተደርበው፣ ፀሐይ ሲበረታ አንዱ ሊነሣ ይችላልና። የጋቢው ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉት ክሮች ግን በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥመው ደም ስለሚያግዱ፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ ወይም ይቆረጣሉ።

የሕፃኑን ፊት ከሰው ዓይንና ከብርድ ለመሰወር መሸፈን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛው የመታፈን አደጋ ነው። ሁለተኛው፣ ሰውነቱ ለፀሐይ የማይጋለጥ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ማመንጨት ስለማይችል ሪኬትስ፣ ማለትም አጥንት የሚያልፈሰፍስና ደረትን የሚያጎብጥ በሽታ፣ ሊይዘው መቻሉ ነው። በአዲስ አበባው በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት በ210ዎቹ ላይ ሪኬትስ ሲያገኝ፣ ከንጽጽር ቡድኑ 500 ሕፃናት ግን በ20ዎቹ ላይ ብቻ አግኝቷል። ሳንባው ብርድ እንዳይመታው በሚል ፀሐይ የተከለከለ ልጅ፣ በሳንባ በሽታ ይበልጥ ሊጠቃ እንደሚችል ከዚህ መረዳት አያስቸግርም።

ለእንቅልፍ ሕፃኑ በጀርባው ይተኛል፤ ሽፋኑም ከብብቱ በታች ይታጠፋል እንጂ ፊቱ ድረስ አይሳብም። እግሮቹን አቅንቶ አጥብቆ መጠቅለል የዳሌን መገጣጠሚያ ስለሚያዛባ፣ ከወገብ በታች እንደ ልቡ እንዲታጠፍ ቦታ ይተውለታል። ጓዳውን በከሰል ማሞቅ ደግሞ ጭስ የሌለው መርዝ ስለሚያስከትል፣ ቡና በከሰል በተፈላበት ክፍል ሳይቀር በርና መስኮት ይከፈታል።

መጠቅለያው መብቃቱንና መብዛቱን ማወቅ የእጅ ሥራ ነው። ሆዱ ሞቆ እግሩ የቀዘቀዘ ሕፃን ብርድ ጀምሮታል፤ ሆዱም እግሩም ከቀዘቀዙ ሙቀቱ አደገኛ በሆነ መጠን ወርዷል፤ አንገቱ ላይ ላብ ያወጣና ፊቱ የቀላ ደግሞ ከመጠን በላይ ተሸፍኖ ሞቆታል ማለት ነው። መደበኛው የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሲሆን፣ ከ35.5 በታች የወረደ ወይም ጡት መጥባት የተወ ሕፃን ገላ ለገላ እንደታቀፈ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

እንግዲህ ቤተሰብ ከአቅሙ ጋር የሚገዛውን ቅደም ተከተል ማስያዝ ይችላል፦ ለማድረቂያና ለመጠቅለያ የሚሆኑ ንጹሕ የጥጥ ጨርቆች፣ ከሰውነቱ አንጻር ሰፊ የሆነውን ራሱን የምትሸፍን ቆብ፣ ከዚያ በቤት ያለ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ጋቢ። በዝናብ ወራት ጨርቅ ቶሎ ስለማይደርቅ ጨርቆቹ ይበዛሉ እንጂ ብርድ ልብሱ አይወፍርም። ወፍራሙ ብርድ ልብስ እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ የሚገዛ ነው፤ ባይገዛም ሕፃኑ አይጎዳም።