የአንድ ተክል ሻይ እና ክኒን ለምን እኩል መድኃኒት አይሆኑም?

«የወባ ክኒን የሚሠራው ከአርቴሚሲያ ከሆነ፣ ቅጠሉን አፍልቼ ብጠጣስ?» ብለው ጠይቀው ይሆናል። መልሱን የሚወስነው የተክሉ ስም ብቻ ሳይሆን አዘገጃጀቱም ነው።

አዘገጃጀት ምን ይለውጣል?

በአንድ ቅጠል ውስጥ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ በውኃ ይሟሟሉ፤ ሌሎቹ የሚወጡት በአልኮል ወይም በዘይት ነው። ሙቀት የሚያበላሻቸውም አሉ። ነጭ ሽንኩርትን ይውሰዱ፦ አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲቀጠቀጥ ነው። ሳይቀጠቀጥ ከተቀቀለ ግን አሊሲኑን የሚሠራው ኢንዛይም በሙቀቱ ይበላሻል።

አርቴሚሲያ ምን አስተማረ?

ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እና ባልደረቦቿ በአርቴሚሲያ ላይ ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት የተዘበራረቀ ነበር። ቱ ከ1,600 ዓመት ገደማ በፊት በተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ተክሉ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ እንጂ ይቀቀል እንደማይል አስተዋለች። ሙቀቱ መድኃኒቱን እያበላሸው እንደሆነ ጠረጠረች። ስለዚህ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚፈላው ኤተር ማውጣት ጀመረች። በ1971 እ.ኤ.አ. ከተክሉ የወጣው ጭማቂ በአይጦችና በዝንጀሮዎች ላይ የወባ ተውሳክን አጠፋ። ቱ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

ሻዩስ?

አርቴሚሲኒን በውኃ በደንብ አይሟሟም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠንም እንደ ዝርያው፣ እንደ አዝመራው ጊዜና እንደ አደራረቁ ይለያያል። በአንድ ስኒ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማወቅ አይቻልም። መጠኑ ካነሰ ትኩሳቱ ለጊዜው ቢበርድም ተውሳኩ በደም ውስጥ ሊቀር፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩንም ሆነ የቅጠሉን ዱቄት ለወባ ሕክምና አይደግፍም። በአገራችን የሚታወቀው ጭቁኝም የአርቴሚሲያ ዘመድ ቢሆንም ያው ተክል አይደለም።

ኮአርተም ግን መጠናቸው የታወቀ ሁለት መድኃኒቶችን ይዟል፤ የሚወሰደውም ለ3 ቀናት ነው።

ምን ማድረግ ይገባዎታል?

• ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት ከያዘዎት ሳይዘገዩ የደም ምርመራ ያድርጉ። የወባ ዓይነቶች ስለሚለያዩ መድኃኒቱም ይለያያል።
• ኮአርተም ከታዘዘልዎት ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱ፤ ቢሻልዎትም ሳያቋርጡ ይጨርሱ።
• የባህል መድኃኒት ወስደው ከሆነ ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ። የቅጠሉ ወይም የሥሩ መሆኑን፣ እንዴት እንደተዘጋጀና ምን ያህል እንደወሰዱ ይጥቀሱ። በአልኮል የወጣ ወይም የተጠራቀመ ጭማቂ ከሻይ ይልቅ ጉዳቱም ሊጠነክር ይችላል።
• ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከታመመች፣ ወይም ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም መጠጣት ካቃተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።