እውነት ወይስ ተረት? «ያቺን ቮልስ ባልሸጥኳት ኖሮ…»

እኛ ቤት የእሁድ ቡና ጨዋታ ከየትም ይነሣ ከየት፣ ማረፊያው ቮልሷ ናት። አባዬ በ1990 ዓ.ም. በ21 ሺህ ብር የሸጣት፣ እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር ቮልስዋገን። «ባለፈው ወር አንዷን 400 ሺህ ጠሩባት» ይላል ስኒውን አስቀምጦ። እናቴ ጀበናውን ታዘነብላለች እንጂ አትመልስም። ከአቦል እስከ በረካ ስትሰማው ስንት ዓመቷ!

ቁጭቱ የእኛ ቤት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። አንዱ ዲኤክሱን ያስታውሳል፣ ሌላው ላዳውን፣ ታናናሾቹም አሁን አሁን «ያቺን ቪትዝ» ማለት ጀምረዋል። በለቅሶ ድንኳን ሳይቀር፣ የካርታ ጨዋታው ሲሰለች፣ አንድ ሰው «እኔ እኮ በስንት እንደሸጥኳት ብነግራችሁ…» ብሎ ይጀምራል። ሰምቼ ሰምቼ፣ ከቁጭቱ ጋር አብረው የሚነገሩትን አባባሎች አንድ በአንድ ልመዝናቸው ተነሣሁ።

አባባል 1፦ «በ21 ሺህ ሸጥኳት፤ ዛሬ 400 ሺህ ናት። ሀያ እጥፍ ከሰርኩ!»

ፍርድ፦ ተረት።

በ1990 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው በ7 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ አባዬ የተቀበለው 21 ሺህ ብር የ3 ሺህ ዶላር ያህል ገንዘብ ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በነሐሴ 2002 መንግሥት አንዱን ዶላር ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም አደረሰው። በጥቅምት 2010 ወደ 27 ብር ተጠጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ ከ57 ብር ተነሥቶ በዓመቱ ውስጥ 130ን ተሻገረ።

እንግዲህ ያንኑ 3 ሺህ ዶላር በ130 አባዙት። 390 ሺህ ብር ይመጣል። ደላላው ለቮልሷ ከጠራው ዋጋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ያውም ዶላሩ ራሱ በእነዚህ ዓመታት የመግዛት አቅሙን ግማሽ ያህል አጥቷል፤ ስለዚህ በትክክለኛው ሚዛን ቮልሷ እንዲያውም ቀልላለች። እሷ አልወጣችም፤ ቁልቁል የወረደው ብሩ ነው።

ይህን ሒሳብ ለአባዬ በወረቀት ሠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አየው፣ «ልክ ነው» አለ። ቀጥሎም፣ «ግን 400 ሺህ ናት አይደል?» አለኝ።

አባባል 2፦ «እኛ አገር መኪና ዋጋው አይወርድም»

ፍርድ፦ ግማሽ እውነት።

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ መኪናውን ሲሸጥ የሚጠብቀው ኪሳራ ነው፤ የኛ ሰው የሚጠብቀው ትርፍ። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ከጉምሩክ በር።

ከ2012 ዓ.ም. በፊት የነበረውን አሠራር ወስደን፣ 1500 ሲሲ የሆነች የቤት መኪና ወደብ ስትደርስ 100 ብር ዋጋ ነበራት እንበል። የ35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመርባት 135 ትሆናለች። የ60 በመቶው ኤክሳይዝ የሚሰላው በ135ቱ ላይ ስለሆነ 216 ትደርሳለች። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 248 ብር ከ40። በመጨረሻ በዚህ ሁሉ ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 273 ብር ገደማ። አንዱ ግብር በሌላው ግብር ላይ እየተደረበ መቶዋ ብር ሦስት መቶ ለመሆን ትንሽ ሲቀራት ከበሩ ወጣች ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የገባች መኪና ያገለገለችም ብትሆን በርካሽ የሚለቃት የለም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ መኪናው ባረጀ ቁጥር ግብሩን አከበደው። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ተጨመረበት። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ሲያሳውቅ፣ አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ተተኪ አልባ ሆነ።

ግማሹ እውነት ይኸው ነው። ሌላው ግማሽ፣ ይህን ዋጋ ተሸክሞ የያዘው ግብርና መመሪያ መሆኑ ነው። መመሪያ ያወጣውን መመሪያ ያወርደዋል። በግብር እፎይታ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዙ፤ የነዳጁ መኪና ነገ ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ማንም ዋስትና አይሰጥም። «አይወርድም» የሚለው ቃል እስከ ትናንት የሠራ ቃል ነው።

አባባል 3፦ «ባልሸጣት ኖሮ እስከ ዛሬ ታገለግለኝ ነበር»

ፍርድ፦ ተረት፤ ያውም ጣፋጩ።

የሸጥናት መኪና በሐሳባችን ውስጥ አታረጅም። ጎማ አትበላም፣ ቦሎ አይለጠፍላትም፣ ኢንሹራንስ አይከፈልላትም፣ መካኒክ ቤት አታድርም። የተሸጠች ዕለት እንዳማረባት ቆማለች።

የእኛዋን ግን እኔ አስታውሳታለሁ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ማለት ነው። ባትሪ አሲድ ያንጠባጥባል፣ አሲድ ላሜራ ይበላል። ውሎ አድሮ ወለሉ ተበሳና የክረምት ጎርፍ ሲረግጡ ውሃው ሱሪዬን ያርሰው ጀመር። አባዬ በቆርቆሮ አስበየደው፤ በሁለተኛው ክረምት ብየዳው ከነቆርቆሮው ለቀቀ።

ሞተሯም የራሷ ጉድ ነበራት። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። በዚያን ጊዜ ሥሪቶች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው ማራገቢያው አየር በሚልክበት ሽፋን ውስጥ፣ በሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ስለነበር ለዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው አየር አነስተኛና የሞቀ ነው። ስለዚህ ቀድማ የምትቃጠለው የሦስተኛው ቫልቭ ናት። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ ያወጣው እ.ኤ.አ. ለ1971 ሥሪት ነው፤ የእኛዋ አልደረሰባትም። የአባዬ መካኒክ ሞተሩን ባወረደ ቁጥር እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ያቺው ሦስተኛዋ ናት።» ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ አባዬ ራሱ ከድምጿ ለያት።

ለሀያ ምናምን ዓመት የሞተር ማስወረጃ፣ የፍሪሲዮን፣ የጎማ፣ የብየዳና የቀለም ወጪ ደምሩበት። 400 ሺህ ብር የሚያወጣው እንዲህ ስትታከም የኖረችው ቮልስ ናት። ሳትታከም የኖረችውን ከፈለጋችሁ፣ በየግቢው ጥግ ጎማዋ መሬት ገብቶ፣ ዶሮ እንቁላል የሚጥልባት እሷ ናት።

አባባል 4፦ «የድሮ መኪና ሁሉ ውሎ አድሮ ወርቅ ይሆናል»

ፍርድ፦ ተረት።

ወሬውን ያመጣው ውጭ አገር የሚሰማው ጨረታ ነው። እውነትም በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ48 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ነገር ግን ከዚያ ዓይነት የተሠራው 36 ብቻ ነው። ቮልስ ስንት ተሠራች? ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ብርቅ መሆን ከዕድሜ ይልቅ የቁጥር ጉዳይ ነው።

ደግሞም የምንሰማው የተረፉትን ብቻ ነው። በ400 ሺህ ስለተጠራችው ቮልስ ሁሉም ያወራል፤ ተፈታትታ በሯ ለአንዱ፣ ካርቡሬተሯ ለሌላው ሶማሌ ተራ ስለተሸጠችው ማን ያወራል? ከተረፉት መካከልም ዋጋ የሚያወጣው ሊብሬው የጸዳ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ የገጠመ፣ ላሜራው በስቱኮ ያልተሞላ ነው።

ቅርስነቱን ግን አልክድም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ሮልስ ሮይስ በሞላበት ግቢ ታሪክ የተሳፈረው በትንሿ መኪና ነው። ለአባዬ ትውልድ ቮልስ ከመኪናም በላይ የሆነችው በከንቱ አይደለም። ይህ ክብር ግን ለሁሉም ቮልስ የተሰጠ ነው፤ ለአንዷ ብቻ ተለይቶ ዋጋ አይሆናትም።

አባባል 5፦ «ደላላው በላኝ»

ፍርድ፦ ግማሽ እውነት።

ደላላ የዕለቱን ገበያ ያውቃል፤ ሻጭ የሚያውቀው የራሱን ችግር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የደላላው እንጀራ ነው። መኪናዋን ዞሮ በጣቱ እያንኳኳ «ይኸ ስቱኮ ነው» ሲል፣ አንገቱን ሲነቀንቅ፣ ሊሄድ ሲል፣ ሁሉም ሥራው ነው። ለሦስት ሰው ሳያሳይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በደረሰበት ሳምንት የሸጠ ሰው በእርግጥ ተጎድቷል።

ይሁን እንጂ ከዋጋው የከፋ ጉዳት አለ፤ እሱን የሚያወራ ጥቂት ነው። ስም ሳያዞሩ፣ በውክልና ብቻ መኪና አስረክቦ መሄድ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። መኪናው በወቅቱ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ይተርፋል። በፈቃዱ አስረክቦ ሊብሬው ላይ ስሙ የቀረ ሻጭ ግን «ሸጬዋለሁ እኮ» እያለ ፍርድ ቤት ሊመላለስ ይችላል። አስር ሺህ ብር ተበልቶ ስም አዙሮ የሄደ፣ አስር ሺህ አትርፎ ስሙን ትቶ ከሄደው የተሻለ እንቅልፍ ይተኛል።

አባባል 6፦ «ስህተቴ መሸጤ ነው»

ፍርድ፦ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳይታወቅ አይፈረድም።

በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ዝቅተኛው የባንክ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። መኪናውን ሸጦ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው፣ ያጣው ከሸጠ በኋላ ነው። ቁጭቱ ተገቢ ነው፤ አድራሻው ግን መኪናዋ አይደለችም። ሸጦ መሬት የገዛ፣ ልጅ ያስተማረ፣ ሕመምተኛ ያዳነ ሰው ደግሞ ሒሳቡን በመኪና ዋጋ ብቻ ከሠራ ራሱን ይበድላል።

አባዬ በ21 ሺሁ ብር ምን አደረገ? ከግቢያችን ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ሠራ። ክፍሎቹ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ተከራይ የዋሉበት ወር ትዝ አይለኝም። የእኔም የዩኒቨርሲቲ የኪስ ገንዘብ ከዚያ ነው የወጣው። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይባላል፤ በተሸጠች ቮልስ ግን ተሠርቷል።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሁድ አቀረብኩለት፤ የምንዛሪውን፣ የግብሩን፣ የሰርቪሱን። ሁለተኛው ቡና ወርዷል። አባዬ በጥሞና ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ በውጭ በኩል፣ በኮብልስቶኑ ላይ፣ አንዲት ቮልስ ያን የምታውቁትን ድምጿን እያሰማች አለፈች። አባዬ እጁን አነሣ፤ ሁላችንም ዝም አልን። ድምጿ መታጠፊያው ላይ እስኪጠፋ ጠበቀ።

«ሦስተኛዋ ናት» አለ። «ሰውየው አይሰማም እንዴ?»

እናቴ ስኒውን ተቀብላ በረካውን ቀዳችለት።